ኤሊስ ፓርክ፦ መሀል ጆሃንስበርግን ያልለቀቀው የራግቢ ስታዲየም

በኦገስት 16 ቀን 2025 የአውስትራሊያ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን ጆሃንስበርግ በሚገኘው ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም 22 ለ 0 ተመርቶ ከቆየ በኋላ የዓለም ሻምፒዮኗን ደቡብ አፍሪካን 38 ለ 22 አሸነፈ። አውስትራሊያ በዚህ ሜዳ ካሸነፈች ከ1963 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽንፈቱ የቡድኑን ደጋፊዎች ማስደንገጡ አይቀሬ ነበር፤ ነገር ግን የኤሊስ ፓርክ ስም በተነሣ ቁጥር ከውጤቱ ጋር አብሮ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ይህን የሚያህል ጨዋታ በእርጅናና በቸልታ በተጎዳ የከተማ ክፍል ውስጥ እስከ መቼ ይካሄዳል? የኒውዚላንድ ቡድን በ2026 በደቡብ አፍሪካ ለሚያደርገው ጉብኝት የወጣው መርሐ ግብር ጥያቄውን ይበልጥ አጉልቶታል። ለከተማዋ ሁለት ጨዋታ ሲሰጥ የኦገስት 22ቱ ለኤሊስ ፓርክ፣ የሴፕቴምበር 5ቱ ደግሞ በሶዌቶ ጠርዝ ላለውና በስፋት ለሚበልጠው ኤፍኤንቢ ስታዲየም ደርሷል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ላይ ሲጠቀሱ ይሰማል። አንደኛው የስታዲየሙ ክብር ነው፤ ማንዴላ፣ 1995፣ የራግቢ ዓለም ዋንጫ። ሁለተኛው የአካባቢው ደኅንነት ነው። ሁለቱም እውነት ቢሆኑም ስታዲየሙ እዚያ ለምን እንደተሠራ፣ ለምን እንዳልተነሣና አሁን ምን እንደከበደው አያስረዱም። ማስረጃው ያለው መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ብድሩ እንዴት እንደተከፈለና ተመልካቹ ከየት እንደሚመጣ በሚናገረው ታሪክ ውስጥ ነው።

ጉድጓዱና ብድሩ

ጆሃንስበርግ የወርቅ ከተማ ናት፤ በ1886 ወርቅ ሲገኝ ድንኳን ተተክሎ፣ ድንኳኑ ወደ ቆርቆሮ ቤት፣ ቆርቆሮው ወደ ፎቅ የተለወጠው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። እንዲህ በጥድፊያ የተሠራ ከተማ መሀሉ ላይ ቁፋሮ ያጎደጎደውና ማንም ያልፈለገው መሬት ይተርፈዋል። በዱርንፎንቴን ሰፈር የነበረውም እንዲህ ያለ ቦታ ነበር፤ ድንጋይ ሲወጣበት ቆይቶ ቆሻሻ መጣያ የሆነ ጉድጓድ። በ1927 ጆሃንስበርግ ትገኝበት የነበረው የትራንስቫል ክፍለ ሀገር የራግቢ ማኅበር ሜዳ ሲፈልግ የከተማው ምክር ቤት ይህን ቦታ ሰጠው። ስታዲየሙ ስሙን ያገኘው ለቦታው መፈቀድ ድጋፍ ካደረገው የምክር ቤቱ ሰው ከጄ. ዲ. ኤሊስ ነው።

ከዚህ አጀማመር ውስጥ ኋላ ደጋግሞ የሚታየው አሠራር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሬቱ የከተማው ነው፤ ግንባታው በብድር ነው፤ ብድሩን የሚመልሰው ደግሞ በሩ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ሣር ተተክሎ፣ መቀመጫ ተሠርቶ ሜዳው በጥቂት ወራት ውስጥ ዝግጁ ሆነ። በጁላይ 1928 የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ በቅጽል ስሙ ኦል ብላክስ፣ እዚያ ተጫውቶ ደቡብ አፍሪካን 7 ለ 6 አሸነፈ። በራግቢ ቋንቋ «ቴስት» የሚባለው በሁለት አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ ይፋዊ ጨዋታ ሲሆን፣ ይህ የኤሊስ ፓርክ የመጀመሪያው ቴስት ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ከፍታው። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከዚህ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ስለምትበልጥ ለእኛ የሚያስገርም አይሆንም፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚመጣ ተጫዋች ግን የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ትንፋሽ የሚያሳጥሩ ናቸው። አየሩ ስለሚሳሳ በእግር የተመታች ኳስም ራቅ ብላ ትሄዳለች። ሜዳው ለእንግዳ ቡድን ይከብዳል የሚባለው ከደጋፊው ጩኸት ባልተናነሰ በዚህ ምክንያት ነው።

ከቆመበት የቀረ ምት

ከድሮው ስታዲየም ጊዜያት ሁለቱ ከሌሎቹ ተለይተው ይታወሳሉ። አንደኛው የራግቢ እንኳ አይደለም። ከ1948 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ኤሊስ ፓርክ የክሪኬት ቴስት ያስተናግድ ነበር። በዲሴምበር 1953 የኒውዚላንድ የክሪኬት ቡድን እዚያ እየተጫወተ ሳለ በአገሩ ታንጊዋይ በሚባል ቦታ የባቡር ድልድይ በጎርፍ ፈርሶ 151 ሰዎች መሞታቸው ተሰማ። ከሟቾቹ አንዷ የቡድኑ ተጫዋች የቦብ ብሌር እጮኛ ነበረች። ብሌር ሆቴል ቀርቶ እንዲያዝን ተወስኖ ነበር፤ በሜዳው ላይ ደግሞ በርት ሰትክሊፍ በኳስ ተመትቶ ሆስፒታል ደርሶ ተመልሶ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ ይጫወት ነበር። ቡድኑ ተጫዋች አልቆበት የመምቻ ተራው ሊያበቃ ሲል ብሌር ከመተላለፊያው ብቅ አለ። በሺዎች የሚቆጠረው ተመልካች ብድግ ብሎ ዝም አለ። ኤሊስ ፓርክ ስለ ጩኸቱ ብዙ ቢጻፍለትም ያቺ ዝምታ ከሁሉ የሚልቅ ቦታ ይገባታል።

ሁለተኛው ኦገስት 6 ቀን 1955 የሆነው ነው። የብሪታኒያና የአየርላንድ ጥምር ቡድን 23 ለ 19 እየመራ ሳለ ደቡብ አፍሪካ በመጨረሻው ደቂቃ «ትራይ» አገባች፤ ትራይ ማለት ኳሷን ይዞ ከተጋጣሚ የግብ መስመር አልፎ መሬት ማስነካት ነው። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ሆነ። ከትራይ በኋላ ኳሷን መሬት ላይ አስቁሞ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የመምታት ዕድል ይሰጣል፤ በወቅቱ ይህ ምት ሁለት ነጥብ ያስገኝ ስለነበር ከገባ ደቡብ አፍሪካ ታሸንፋለች። ጃክ ቫን ደር ስኪፍ መታ፤ ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች። አንገቱን ደፍቶ የቆመበት ፎቶግራፍ በአገሪቱ የስፖርት ታሪክ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ያን ቀን በስታዲየሙ 95,000 ገደማ ሰው እንደነበረ ይነገራል። ዛሬ ያለው ስታዲየም የሚይዘው 62,000 ያህል ነው።

ፈርሶ መሠራት

የድሮው ስታዲየም በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈርሶ አሁን የሚታየው ከፍ ያለ የኮንክሪት ስታዲየም በ1982 ተከፈተ። ወቅቱ ለደቡብ አፍሪካ ስፖርት እጅግ የከፋው ነበር፤ በአፓርታይድ ማለትም ሰዎችን በዘር ለይቶ በሕግ በሚገዛው ሥርዓት ምክንያት አገሪቱ ከዓለም አቀፍ ውድድሮች እየተገለለች፣ የውጭ ቡድኖች ጉብኝትም ተቃውሞ እየገጠመው ነበር። አንድ ትልቅ ስታዲየም ብድሩን የሚመልሰው በትልልቅ ጨዋታዎች ነው፤ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ደግሞ እየመነመኑ ነበር።

ስለዚህ ዕዳው ሌላ መላ ጠየቀ። በ1984 ስታዲየሙ በባለአደራ ተቋም ሥር ሆኖ የ99 ዓመት ሊዝ ተሰጠው። ባለአደራ ተቋም ሲባል ንብረቱን የግሉ ሳያደርግ ለተወሰነ ዓላማ የሚያስተዳድር አካል ማለት ነው፤ ሊዝ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ገደማ ሉዊስ ላይት የተባለው በማዳበሪያ ንግድ የበለጸገ ባለሀብት የትራንስቫል ራግቢን አመራር ያዘ። የገቢው ምንጭም ከተራው ትኬት ወደ ኩባንያዎች አዘነበለ፤ በመስታወት የታጠሩና ምግብና መጠጥ የሚቀርብባቸው ልዩ ክፍሎች ለድርጅቶች ይከራዩ ጀመር። ላይት በብዙ ነገር የሚነቀፍ ሰው ነው፤ ስታዲየሙን ከዕዳ በማውጣት ረገድ ግን ተቺዎቹም ድርሻውን አይክዱትም።

ይህ ሽግግር ያስከተለው ውጤት በወቅቱ በቅጡ የታየ አይመስልም። ስታዲየሙ ኑሮውን በኩባንያዎች ላይ ሲመሠርት የኩባንያዎቹ ቢሮዎች በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነበሩ። ከአሥርና አሥራ አምስት ዓመት በኋላ አልነበሩም።

ማን ገባ፣ እንዴት ገባ

በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ተመልካቾች ተለይቶ በታጠረላቸው ቦታ ይቀመጡ ነበር፤ ብዙዎቹም የሚደግፉት የእንግዳውን ቡድን ነበር። አረንጓዴው ማሊያና በላዩ ያለው ስፕሪንግቦክ የተባለው የሜዳ ፍየል ምልክት የገዢዎቻቸው ምልክት ነበር። ይህን ሳይዙ የ1995ን ታሪክ ማንበብ ጉዳዩን ወደ ተረት ይለውጠዋል።

በኦገስት 15 ቀን 1992 ደቡብ አፍሪካ ከመገለል ተመልሳ በኤሊስ ፓርክ ከኒውዚላንድ ጋር ተጫወተች። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ፓርቲ ጨዋታውን የፈቀደው የድሮው ብሔራዊ መዝሙር እንዳይዘመርና በወቅቱ በነበረው ግጭት ለሞቱት የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ በሚል ስምምነት ነበር። በጸሎቱ ሰዓት ግን ከተመልካቹ ብዙው መዝሙሩን ጮኾ ዘመረ፤ በድምፅ ማጉያም ተለቀቀ። ደቡብ አፍሪካ 27 ለ 24 ተሸነፈች፤ ከውጤቱ ይልቅ የተጻፈው ስለ መዝሙሩ ነበር።

ሜይ 10 ቀን 1994 ኔልሰን ማንዴላ ፕሪቶሪያ ላይ ቃለ መሐላ ፈጽመው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ኤሊስ ፓርክ መጡ፤ የመጡት ግን ለራግቢ ሳይሆን ደቡብ አፍሪካ ዛምቢያን 2 ለ 1 ላሸነፈችበት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ይህ ቀን ከ1995ቱ ያነሰ ይታወቃል። ስታዲየሙ ለጥቁሩ ብዙኃን የተከፈተው በራግቢ ሳይሆን በእግር ኳስ በኩል መሆኑን የሚያሳይ በመሆኑ በዚህ ትንታኔ ውስጥ ያለው ክብደት ግን ትልቅ ነው።

ጁን 24 ቀን 1995 የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በዝቅታ እየበረረ ከስታዲየሙ ራስ በላይ ያለፈው የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ቦይንግ 747፣ የቡድኑ አምበል ፍራንስዋ ፒናር የሚለብሰውን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ወደ ሜዳ የወጡት ማንዴላ፣ አብዛኛው ነጭ የሆነው ሕዝብ «ኔልሰን! ኔልሰን!» እያለ መጮኹ። ጨዋታው 9 ለ 9 ተጠናቅቆ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ፤ ሊያበቃ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ጆኤል ስትራንስኪ ኳሷን መሬት አንጥሮ በመምታት የሚቆጠረውን «ድሮፕ ጎል» አስገብቶ 15 ለ 12 አሸነፉ። በጨዋታው አንድም ትራይ አልተቆጠረም። በሜዳ ውስጥ ከነበሩት የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ነጭ ያልሆነው ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቀን ሁለት አስተያየቶች ይፎካከራሉ። አንዱ ዕለቱ የእርስ በርስ ጦርነት ያሰጋትን አገር አንድ ያደረገ ነው ይላል። ሌላው ምልክቱ ከሥራው በፊት ተከበረ፤ ሀብቱና ሜዳው ባሉበት ቀሩ ይላል። ከስታዲየሙ ታሪክ አንጻር ሲታይ ሁለተኛው ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስላል፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ከንቱ አያደርገውም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መዝሙሩን ጮኾ የዘመረው ያው መቀመጫ የማንዴላን ስም መጥራቱ ተራ ነገር አይደለም።

ኤፕሪል 11 ቀን 2001

በዚህ ምሽት የሶዌቶ ሁለት ኃያላን የእግር ኳስ ቡድኖች፣ ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ በኤሊስ ፓርክ ተጋጠሙ። ስታዲየሙ ሞልቶ ሳለ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከውጭ ወደ በሮቹ ይገፋ ነበር። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ በተፈጠረው መጨናነቅ 43 ሰዎች ሞቱ። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተካሄደ በኋላ ተቋረጠ፤ አስከሬኖች በሜዳው ዳር በተርታ ተጋደሙ።

በዳኛ በርናርድ ንጎፔ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የደረሰበት ውጤት አንድ ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ ተደራራቢ ስሕተቶችን የሚዘረዝር ነው። የሚመጣው ሰው ብዛት በትክክል አልተገመተም፤ ትኬት በዚያው ቀን በስታዲየሙ በር ይሸጥ ነበር፤ ትኬት አለቀ ተብሎ በድምፅ ማጉያ መነገሩ የውጭውን ሕዝብ ይበልጥ አጣደፈው፤ ጥበቃዎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ። ከሁሉም በላይ፣ በ1991 ኦርክኒ በተባለች የማዕድን ከተማ በእነዚሁ ሁለት ቡድኖች ጨዋታ 42 ሰው ሞቶ ሳለ ከዚያ ትምህርት አልተወሰደም። በ2010 የወጣው የስፖርትና የመዝናኛ ዝግጅቶች ደኅንነት ሕግ፣ ዝግጅቶች በአደጋ ደረጃቸው እንዲመደቡና የፀጥታ ዕቅድ አስቀድሞ እንዲጸድቅ የሚያስገድደው፣ ከዚህ አደጋ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ለ1995 የተሰጠው የመታሰቢያ ቦታና ለ2001 የተሰጠው ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ያስተዛዝባል።

አካባቢው ሲለወጥ

በ1990ዎቹ የመሀል ጆሃንስበርግ ባንኮች፣ የሕግ ቢሮዎችና ሆቴሎች ወደ ሰሜን፣ በተለይ ወደ ሳንድተን፣ ለቀቁ። የአክሲዮን ገበያው ራሱ በ2000 ተከተላቸው። ባዶ የቀሩት ፎቆች ለሁለት ዕጣ ተዳረጉ። አንዳንዶቹ ባለቤት ርቋቸው ወንበዴዎች ኪራይ የሚሰበስቡባቸው፣ ውኃና መብራት የሌላቸው መኖሪያዎች ሆኑ፤ በኦገስት 2023 ማርሻልታውን በተባለው ሰፈር ከእንደነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ ከ70 በላይ ሰዎች በእሳት አልቀዋል።

ሌሎቹ ግን ለንግድ ተከፈቱ፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ከእኛ ሰዎች ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከኤሊስ ፓርክ ወደ ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተለምዶ ጄፒ በሚባለው መንገድና በዴልቨርስ ጎዳና ዙሪያ፣ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ የመጡ ኢትዮጵያውያን የሐኪም ቤትና ቢሮ የነበሩ ፎቆችን ወደ ንግድ ማዕከልነት ለወጡ። የቀድሞው የምርመራ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ሱቅ ተከፍሎ፣ ብርድ ልብሱና ጂንሱ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ በኮሪደሩ የቡና ጭስ እየዞረ ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ ድረስ የመጣ ነጋዴ በጅምላ ይገዛል። መንገዱ በይፋ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ስሙ ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ነጋዴው ግን ዛሬም ጄፒ ነው የሚለው። «መሀል ከተማው ሞቷል» የሚለው አነጋገር ከዚህ ሲታይ ትክክል አይደለም። የወጣው አንድ ዓይነት ገንዘብ ነው፤ የገባው ሌላ ዓይነት ነው። የገባው ገንዘብ የራግቢ ልዩ ክፍል አይከራይም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ከተማው ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከረው በ2010 የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ነው። ኤሊስ ፓርክ ስፔን ፓራጓይን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን የሩብ ፍጻሜ ጨምሮ ሰባት ጨዋታዎችን አስተናገደ። ሪያ ቫያ የተባለው የተለየ መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ በኦገስት 2009 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው መስመሩ ኤሊስ ፓርክን ከሶዌቶ ጋር የሚያገናኝ ነበር። አስተዳደሩም ተለወጠ፤ ከ2005 ጀምሮ ኦርላንዶ ፓይሬትስ ያለበትና አብዛኛው ድርሻ በጥቁሮች የተያዘ ኩባንያ ገባበት። የስያሜ መብት የሚባለው፣ ማለትም ኩባንያ ከፍሎ ስሙን ለስታዲየም የሚያውስበት ውልም መጣ፤ ስታዲየሙ በ2008 ኮካ ኮላ ፓርክ፣ በ2015 ኤሚሬትስ ኤርላይን ፓርክ ተባለ። ሕዝቡ እንደ ጄፒው ሁሉ የድሮውን ስም አልተወም።

ይቆይ ወይስ ይሂድ

ይሂድ የሚሉት ኬፕታውንን ይጠቅሳሉ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኒውላንድስ ሲጫወት የኖረው የከተማዋ ራግቢ በ2021 የከተማው ንብረት ወደሆነው፣ ለ2010 ወደተሠራው ስታዲየም ተዛውሯል። ጆሃንስበርግም ኤፍኤንቢ አላት። በኦገስት 2010 ኦል ብላክስ እዚያ 29 ለ 22 ሲያሸንፉ ከ94,000 በላይ ሰው ገብቷል። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የፕሪቶሪያው የራግቢ ክለብ ሜዳው ለዓለም ዋንጫ በመያዙ የክለቦች ውድድሩን ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ በሶዌቶ ኦርላንዶ ስታዲየም ተጫውቶ ነጭ ደጋፊዎቹ በብዛት ተከትለውት ነበር። የራግቢ ተመልካች ወደማያውቀው ሰፈር አይሄድም የሚለው ግምት ያኔ ፈርሷል።

ይቆይ የሚሉት ደግሞ ድባቡን ያነሣሉ። የኤሊስ ፓርክ መቀመጫ ቁልቁል የቆመና ለሜዳው የቀረበ ሲሆን የኤፍኤንቢ ራቅ ያለ ነው። በኦገስት 2024 ደቡብ አፍሪካ ኦል ብላክስን 31 ለ 27 ስታሸንፍ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር፤ ተጋጣሚው ከጨዋታ በፊት በሚያሳየው የሃካ ጭፈራ ላይ አውሮፕላን በማለፉና ሙዚቃ በመለቀቁ የአገሪቱ የራግቢ ፌዴሬሽን ይቅርታ እስከመጠየቅ ደርሷል።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚሆን ነገር ነው። የስታዲየሙ ሸክም ያለው በቀሩት ቀኖች ነው። የከተማዋ ክለብ ላየንስ በ2017 በዚሁ ሜዳ ሱፐር ራግቢ የተባለውን የተለያዩ አገሮች ክለቦች ውድድር ፍጻሜ ሲጫወት ቦታው ጢም ብሎ ነበር፤ በተራ የሊግ ጨዋታ ግን አብዛኛው መቀመጫ ባዶ ነው። ሰው አነሰ ተብሎ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ ኢንሹራንሱና የኮንክሪቱ እድሳት አይቀንስም። ክለቡ ወደ ኤፍኤንቢ ቢሄድ የሚያገኘው ከዚህ የበለጠ ባዶ መቀመጫ ነው። ወደ ሰሜኑ ሰፈሮች ሄዶ አነስተኛ ሜዳ ይሥራ ቢባል ደግሞ የመሬቱና የግንባታው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የሚመልስ ያስፈልጋል፤ የ1927ቱ ጉድጓድ በቀላሉ የተገኘው ማንም ስላልፈለገው ነበር፤ በሳንድተን ዙሪያ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለም።

ከዚህ አንጻር በቅርብ ጊዜ የሚጠበቀው ሙሉ መዛወር ሳይሆን የ2026ቱ መርሐ ግብር የያዘው ክፍፍል ነው፤ አንዱ ትልቅ ጨዋታ ለኤሊስ ፓርክ፣ እጅግ ብዙ ትኬት የሚሸጠው ለኤፍኤንቢ። ክፍፍሉ እየተደጋገመ ከሄደ ኤሊስ ፓርክ ዕዳውን የከፈለበትን የትልቅ ቀን ገቢ በግማሽ ያጣል፤ የከተማው አስተዳደርም ለስታዲየሙ ዙሪያ መንገድ፣ መብራትና ፍሳሽ ገንዘብ የሚመድብበት ምክንያት በዚያው ልክ ይሳሳል። ሁለቱን ጨዋታዎች የሚለያቸው አሥራ አራት ቀን ብቻ ነው፤ ተጋጣሚው አንድ፣ ከተማው አንድ። ከውጤቱ ይልቅ ስንት ሰው በአውቶቡስና በባቡር እንደመጣ፣ ተመልካቹ በበሮቹ በኩል በምን ያህል ጊዜ እንደተስተናገደና የትኬቱ ገቢ ለማን እንደደረሰ ማወዳደር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።